ስንጥብ ውስጥ ተሠርቶ ሆድ ውስጥ የሚያገለግል ኢንዛይም፦ የአንድ ሙከራ ሂደት ማስታወሻ ከጅማ

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ የሚያካሂደውን ሙከራ ከመነሻው ጀምሮ እዚህ እመዘግባለሁ። ለሙከራው ሐሳብ የሰጠን እንስሳ በጅማ አካባቢ አይገኝም። የሚኖረው በባሕር ውስጥ ነው፤ የመርከብ ትል እየተባለ ቢጠራም የሚመደበው ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል ካላቸው ሞለስኮች ወገን ነው። ሰውነቱ ረዥምና ለስላሳ ሲሆን፣ ዛጎሉ በፊተኛው ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቶ እንደ ሞረድ የሚፍቅ መሣሪያ ሆኖለታል። በዚህ መሣሪያ እንጨት እየፋቀ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የፋቀውንም ደቃቅ እንጨት ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ መጀመሪያ የኔዘርላንድን የባሕር መከላከያ ግድቦች የእንጨት ክፍል በልቶ አገሪቱን በእጅጉ አስደንግጧል። ከ1919 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የመርከብ ማረፊያዎችን ምሰሶዎች ቦርቡሮ ብዙዎቹን አፍርሷል።

እኔን የሳበኝ ጥፋቱ ሳይሆን የበላውን እንጨት የሚፈጭበት መንገድ ነው። ከእንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ እርስ በርሳቸው የተያያዙ፣ ግሉኮስ የተባለው ቀላል ስኳር ቅንጣቶች ረዥም ሰንሰለት ነው። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ አብዛኞቹ ሣርና እንጨት በል እንስሳት የረቂቅ ሕዋሳትን እርዳታ ይሻሉ። የላም ረቂቅ ሕዋሳት የሚኖሩት ምግቡ ባለበት በጨጓራዋ ውስጥ ስለሆነ፣ ከሣሩ የሚወጣውን ስኳር ቀድመው የሚበሉት እነርሱ ናቸው፤ ለላሚቱ የሚደርሳት እነርሱ የሚለቁት አሲድ ነው። የመርከብ ትል ባክቴሪያዎች ግን የሚኖሩት ከሆዱ ርቀው፣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ ሕዋሶች ውስጥ ነው። እንጨቱ የሚከማችበት የአንጀት ከረጢት ከባክቴሪያ ነጻ ሊባል የሚችል ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ባንኪያ ሴታሲያ በተባለው ዝርያ ላይ ተደርጎ፣ በስንጥቡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሠሯቸው ኢንዛይሞች (ምግብ የሚበጥሱ ፕሮቲኖች) ወደዚያ ከረጢት ተጓጉዘው እንጨቱን እንደሚፈጩ አሳይቷል። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩ በሚወጣበት ስፍራ የሉም፤ ስኳሩም ሳይነካ ለእንስሳው ይደርሳል።

የሙከራችን ጥያቄ ከዚህ የተወሰደ ነው፦ ሴሉሎስ የሚበላን ባክቴሪያ ከሴሉሎሱ ለይተን፣ የሠራውን ኢንዛይም ብቻ ከሴሉሎሱ ጋር ብናገናኝ፣ ባክቴሪያው አብሮ ሲኖር የማናገኘው ስኳር ይተርፍልናል ወይ?

ጥቅምት፣ ሦስተኛው ሳምንት

ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የጠየቁት የመርከብ ትሉን ባክቴሪያ ራሱን ማግኘት እንችል እንደሆነ ነው። ይህ ባክቴሪያ ቴሬዲኒባክተር ተርነሬ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከስንጥብ ተነጥሎ በላቦራቶሪ እንዲያድግ ተደረገ፤ በ2002 ደግሞ ይህን ስም አገኘ። ስሙ መታሰቢያነቱ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜዋን ሙሉ እነዚህን ሞለስኮች ላጠናችው ለሩት ተርነር ነው። በእኔ ግምት እርሷ የየዝርያዎቹን ልዩነት በትዕግሥት ባትለይ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጡት የባክቴሪያ ጥናቶች የቱን እንስሳ እንደሚመረምሩ በእርግጠኝነት ለማወቅ በተቸገሩ ነበር። ባክቴሪያው ሴሉሎስን ብቸኛ ምግቡ፣ የአየርን ናይትሮጅን ደግሞ ብቸኛ የናይትሮጅን ምንጩ አድርጎ መኖር ይችላል። በ2009 የታተመው ሙሉ ጂኖሙም (የዘር መረጃው በሙሉ) ከ5 ሚሊዮን በላይ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ስኳር ነክ ምግብ ለመፍጨት የያዛቸው ጂኖች በአብዛኛው የዕፅዋትን የሕዋስ ግድግዳ በሚበጥሱ ኢንዛይሞች ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ሆኖም ባክቴሪያው እንደ ባሕር ውሃ ያለ ጨው ይፈልጋል፤ ብናስመጣውም በእኛ ዕቃ ጠብቀን ማኖር አንችልም። ስለዚህ ዝርያውን ትተን የአሠራሩን ሥርዓት ለመውሰድ ወሰንን። ሴሉሎስ የሚበሉ ባክቴሪያዎች በጅማ አፈርና በጅማ ብስባሽ ውስጥ ሞልተዋል።

ጥቅምት መጨረሻ

የማሳደጊያውን ሚዲያ አዘጋጀን። ለአንድ ሊትር ውሃ ሚዲያውን የሚያረጋ 15 ግራም አጋር፣ 5 ግራም በውሃ የሚሟሟ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ፣ ጥቂት የፖታሲየም ፎስፌትና የማግኒዚየም ሰልፌት ጨው፣ እንዲሁም ትንሽ አሞኒየም ሰልፌት ጨመርን። ስኳርም ሆነ የሥጋ መረቅ አልጨመርንም፤ በዚህ ሚዲያ ላይ በደንብ ሊያድግ የሚችለው ሴሉሎሱን መበጠስ የሚችል ብቻ እንዲሆን ነው።

ሚዲያውን ከተሕዋስያን ለማጽዳት የተጠቀምነው በግፊት የሚያበስለውን የቤት ድስት ነው። እዚህ ላይ የጅማን ከፍታ ማስላት ነበረብን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የድስቱ ክዳን የሚጨምረው ግፊት በባሕር ዳርቻ ላይ ውስጡን 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ቢሆን እንኳ፣ እኛ ዘንድ የውጭው አየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ የሚደርሰው ወደ 118 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በመጻሕፍት የተጻፈውን 15 ደቂቃ ትተን፣ እንፋሎቱ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 35 ደቂቃ አቆየነው። ከጸዱት ሰሃኖች ጥቂቶቹን ምንም ሳንዘራባቸው ለአንድ ሳምንት አስቀመጥን፤ ንጹሕ ሆነው ቆዩ። ይህን ማረጋገጫ ሳያገኙ ወደ ቀጣዩ ሥራ መሄድ ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ኋላ የሚታየው ሁሉ ከየት እንደመጣ ለመናገር አይቻልም።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ናሙና ሰበሰብን። ወቅቱ ቡና የሚለቀምበት በመሆኑ በቡና ማጠቢያው አጠገብ የተከመረው ገለፈት ከውስጥ እየተቃጠለ እንፋሎት ያወጣል፤ ከክምሩ መካከል ጥቂት ወሰድን። ከእንሰት ጓሮ ሥር የበሰበሰ ቅጠል ያለበትን አፈር፣ ከወደቀ የብሳና ግንድ የረገበውን እንጨት፣ ከአንድ አናጢ ቤት ጓሮ ደግሞ ዝናብ ሲመታው የከረመ ሰጋቱራ ወሰድን።

አናጢው በጅማ ወንበር ሥራ የታወቁ አዛውንት ናቸው። ምን ልንሠራበት እንደሆነ ሲጠይቁን ከተማሪዎቹ አንዷ፣ «ጋሼ፣ እንጨት የሚበሉትን ረቂቅ ሕዋሳት ፍለጋ ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም የዋንዛውን ሰጋቱራ ከባሕር ዛፉ ለይተው በሁለት ፌስታል ሰጡን፤ «ሁለቱ እኩል አይበሰብሱም፤ ካላችሁ አይቀር ለይታችሁ ያዙት» አሉ። ምክራቸውን ተቀብለን ናሙናዎቹን ለየብቻ መዘገብን።

እያንዳንዱን ናሙና በጸዳ ውሃ ደጋግመን ካቀጠንን በኋላ በሰሃኖቹ ላይ ዘርተን በክፍሉ ሙቀት አስቀመጥን። ሰሃኖቹ ሁሉ ዙሪያቸው በፕላስተር ታሽጓል፤ ከእኔ በቀር ማንም አይከፍታቸውም። ከአፈርና ከብስባሽ ምን እንደሚያድግ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በዚህ ነገር ላይ ከተማሪዎቹ ጋር አልደራደርም።

ኅዳር አጋማሽ

ሰሃኖቹ ላይ ብዙ ዓይነት ኮሎኒ፣ ማለትም በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት፣ አደገ። ማደግ ብቻውን ግን ሴሉሎስ መብላትን አያረጋግጥም፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ትራፊ ይኖራል፣ አንዳንዱም በአጋሩ ውስጥ ካለው ጥቂት ቆሻሻ ይመገባል። ለመለየት በላቦራቶሪ የሚሠራበት ኮንጎ ሬድ የተባለው ቀለም ነበር፤ ነገር ግን ለጤና አስጊ በመሆኑ ለተማሪዎች አልመረጥሁትም። በእርሱ ፈንታ የግራም አዮዲን ተጠቀምን፤ 1 ግራም አዮዲንና 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚሟሟበት የታወቀው ቅመማ ነው። አዮዲኑ ሴሉሎሱ ባልተበጠሰበት ቦታ ሰሃኑን ያጠቁረዋል፤ ሴሉሎሱ በተበጠሰበት ቦታ ግን በኮሎኒው ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። አዮዲን የነካው ኮሎኒ ስለሚጎዳ፣ ቀለሙን ከማፍሰሳችን በፊት የእያንዳንዱን ቅጂ በሌላ ሰሃን ላይ አኑረናል።

ከቡናው ገለፈት፣ ከብሳናው ግንድና ከዋንዛው ሰጋቱራ የመጡ ኮሎኒዎች ሰፋፊ ክብ አሳዩ። የባሕር ዛፉ ሰጋቱራ ያወጣው ጥቂትና ጠባብ ነው። የአናጢው ምክር ከሰሃኑ ላይ ታየ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

በዚህ ሳምንት ያየነው ነገር የሙከራውን አቅጣጫ ወስኗል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በውሃ እንዲሟሟ ተደርጎ የተለወጠ ሴሉሎስ ነው። በእንጨት፣ በጥጥና በወረቀት ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ግን ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው የተደረደሩበት ጠጣር ነገር ነው። የመጀመሪያውን የሚበጥስ ሁሉ ሁለተኛውን መበጠስ አይችልም። ስለዚህ ሰፊ ክብ ያሳዩትን ኮሎኒዎች፣ ክባቸው እምብዛም ካልታየውም ጨምረን፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አጽድተን፣ ቀጭን የማጣሪያ ወረቀት ብቻ ምግብ ሆኖ በቀረበበት የፈሳሽ ሚዲያ ውስጥ ዘራናቸው።

ከሁሉ ሰፊውን ክብ ያሳየው፣ ከብሳናው ግንድ የመጣውና ልሙጥ የሆነው ኮሎኒ ወረቀቱን አልነካውም። ወረቀቱ እንደተዘረጋ ቀረ። ከእንሰቱ አፈር የመጣ ቢጫና ስስ ኮሎኒ ግን፣ በአዮዲኑ ፈተና ክቡ እምብዛም የማይታይ የነበረው፣ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ እየተስፋፋ የነካውን ቦታ ወደ ቢጫ ልፋጭ ለወጠው፤ ወረቀቱ በትንሽ መነቅነቅ ይበጣጠሳል። ሦስተኛው ከቡናው ገለፈት የመጣው ነው፤ ነጭና እንደ ዱቄት የደረቀ ገጽ አለው፣ ሰሃኑ ሲከፈትም ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ይሰጣል። ይህ ሽታና ይህ ገጽ የአክቲኖማይሲት ባክቴሪያዎች መታወቂያ ነው። ይህኛው ወረቀቱን የበላው ቀስ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ከራሱ ጉብታዎች ርቆ ያለው የወረቀቱ ክፍልም ሳስቷል።

ተማሪዎቹ ሁሉ ቢጫውን መረጡ፤ ፍጥነቱ በዓይን ይታያልና። እኔ ግን ነጩን መረጥሁ። ቢጫው እንደ ሳይቶፋጋ ያሉ ባክቴሪያዎችን ጠባይ ያሳያል፤ እነዚህ ሴሉሎሱን የሚበሉት ላዩ ላይ ተጣብቀው ነው፣ ኢንዛይማቸውም ከሰውነታቸው ብዙም አይለይም። የእኛ ጥያቄ የሚፈልገው ኢንዛይሙን ወደ ፈሳሹ የሚለቅ ባክቴሪያ ነው። የመርከብ ትሉም አሠራር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የስንጥቡ ባክቴሪያ ኢንዛይሙን ከራሱ የማያወጣ ቢሆን ኖሮ በሆድ ውስጥ ያለው እንጨት ምንም ባልነካው ነበር። ቢሆንም የተማሪዎቹ ምርጫ በምክንያት የተደገፈ ስለሆነ ሁለቱንም ጎን ለጎን ለመፈተን ተስማማን።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ስለ ናይትሮጅን አጭር ማስታወሻ። እንጨት ስኳር ቢሞላውም ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገው ናይትሮጅን በጣም ያንሰዋል፤ ስለዚህ እንጨት ብቻ የሚበላ እንስሳ በጠገበበት በፕሮቲን ሊራብ ይችላል። በመርከብ ትሎች ውስጥ የአየር ናይትሮጅን ወደ ምግብነት እንደሚለወጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ታውቋል። በ2007 ደግሞ ናይትሮጅን 15 በተባለው ከበድ ያለ የናይትሮጅን ዓይነት ምልክት ተደርጎ፣ ይህን የሚሠሩት በስንጥቡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ራሳቸው መሆናቸውና ናይትሮጅኑም ለእንስሳው እንደሚደርሰው ታይቷል። አንድ ባክቴሪያ በአንድ በኩል የእንጨት መፍጫውን፣ በሌላ በኩል የእንጨቱን ጉድለት መሙያ ማቅረቡ ከዚህ ሁሉ ንባብ እጅግ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

እኛም አሞኒየም ሰልፌት በሌለበት ሰሃን ላይ ዝርያዎቻችንን ሞከርን። ነጩ ስስ ሆኖ አደገ። ተማሪዎቹ ናይትሮጅን ከአየር ወሰደ ብለው ሊጽፉ ነበር፤ አጋሩ ራሱ ጥቂት ናይትሮጅን ስለሚይዝ ግን ይህ ስስ ዕድገት ማስረጃ አይሆንም። በመዝገባችን ላይ የተጻፈው «በጣም ስስ ዕድገት ታይቷል» የሚለው ብቻ ነው።

ጥር መጀመሪያ

አሁን ባክቴሪያውን ከፈሳሹ የመለየት ሥራ ላይ ነን። ነጩንና ቢጫውን ለየብቻ በወረቀት ሚዲያ ካሳደግን በኋላ፣ ፈሳሹን ቀዳዳው 0.22 ማይክሮሜትር በሆነ የሲሪንጅ ማጣሪያ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ባክቴሪያ በዚህ ቀዳዳ አያልፍም፤ ኢንዛይም ያልፋል። ማጣሪያዎቹን ያገኘነው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሚያስተምር ወዳጄ ነው።

ማጣሪያው ቶሎ ስለሚደፈን ተማሪዎቹ ፈሳሹን አስቀድመው በጥጥ ወይም በወረቀት ለማጥለል አሰቡ። ይህን ከለከልሁ። ጥጥም ወረቀትም ሴሉሎስ ናቸው፤ ብዙ ሴሉሎስ በጣሽ ኢንዛይሞች ደግሞ ሴሉሎስን አጥብቆ የሚይዝ ክፍል በሰውነታቸው ላይ አላቸው። በጥጥ ብናጠልለው የምንፈልገው ኢንዛይም ጥጡ ላይ ይቀራል። ለዚሁ ምክንያት የሲሪንጁ ማጣሪያ ሽፋንም ከሴሉሎስ ያልተሠራ፣ ፖሊኢተርሰልፎን የተባለው ዓይነት እንዲሆን መረጥን። ሁለቱን ክፍል በሴሎፋን ሽፋን ለይቶ አንድ ዕቃ መሥራትም ታስቦ ነበር፤ ሴሎፋን ግን ከሴሉሎስ የሚሠራ ስለሆነ ኢንዛይሙ መለያውን ራሱን ይበላዋል። በመጨረሻ ፈሳሹን በማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረን ዝቃጩ ከታች ሲቀር ከላይ ያለውን ብቻ ቀዳን፤ ይህም በቂ ሆነ።

በመሐሉ መብራት ለረዥም ሰዓት ጠፍቶ ስለነበር ማቀዝቀዣው ሞቀ፤ የመጀመሪያውን ፈሳሽ ደፍተን በአዲስ ጀመርን።

ጥር አጋማሽ

ዋናው ሙከራ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ዝርያ አራት የሙከራ ቱቦ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ እኩል የተቆረጠ የማጣሪያ ወረቀት። በ«ሀ» ውስጥ ባክቴሪያው ከነሕይወቱ፤ በ«ለ» ውስጥ ባክቴሪያው የተለየበት የተጣራ ፈሳሽ፤ በ«ሐ» ውስጥ ያው የተጣራ ፈሳሽ፣ ግን ተፈልቶ ኢንዛይሙ የሞተበት፤ በ«መ» ውስጥ ማንም ያላደገበት ሚዲያ። ስኳር የምንለካው በቤኔዲክት መፍትሔ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ስኳሩ ሲጨምር ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ በመጨረሻም ወደ ሸክላ ቀይ ይሄዳል። ለማነጻጸሪያ የታወቀ መጠን ያለው ግሉኮስ የያዙ ቱቦዎችን አሰልፈናል። ወረቀት ከመግባቱ በፊት የተጣራው ፈሳሽ ራሱ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚታየው ስኳር ከወረቀቱ የወጣ ነው።

ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚፈጥን፣ ከክፍሉ ሙቀት ጎን ሌላ የቱቦዎች ረድፍ በ50 ዲግሪ አቆየን። ለዚህ ያገለገለን የቡና ፔርሙስ ነው፤ ቴርሞሜትር አስገብተን ሙቀቱ ሲወርድ ሙቅ ውሃ እንጨምራለን።

ጥር መጨረሻ

ነጩ ዝርያ፣ «ሀ»፦ ወረቀቱ ሳስቶ ተበጣጥሷል፤ ፈሳሹ ግን በቤኔዲክት ሲፈተን ሰማያዊ ነው፣ አንዳንዴ ብቻ የአረንጓዴ ጥላ ይታይበታል። «ለ»፦ ወረቀቱ በዓይን ሲታይ ብዙም አልተጎዳም፤ ፈሳሹ ግን መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። «ሐ» እና «መ» ሰማያዊ ናቸው። ቢጫው ዝርያ፣ «ሀ»፦ ወረቀቱ ልፋጭ ሆኗል፣ ስኳር የለም። «ለ»፦ ሰማያዊ፣ በ50 ዲግሪም ቢሆን።

ውጤቱ ግልጽ ነው። በ«ሀ» ብዙ ወረቀት ተበላ፤ የተበላው ግን ለባክቴሪያው ነው። በ«ለ» ጥቂት ወረቀት ተበጠሰ፤ የተበጠሰው ሁሉ ስኳር ሆኖ ቀረ። ቢጫው ደግሞ ወረቀት ለመብላት ከሁሉ የበረታ ሆኖ ሳለ፣ ሲለዩት ምንም የሚሰጥ የለውም። ለሚያኖረው እንስሳ የሚጠቅመው ባክቴሪያ ብርቱው ሳይሆን ኢንዛይሙን የሚለቀው እንደሆነ ተማሪዎቹ በዓይናቸው አዩ። ቢጫውን አጥብቃ የደገፈችው ልጅ የመዝገቡን ውጤት ራሷ ጻፈች።

የካቲት መጀመሪያ

በ«ለ» ቱቦ ያለው ቀለም ቢጫ ላይ ቆመ። ብንጠብቅም ወደ ቀይ አልሄደም፤ ወረቀቱ ግን ገና ብዙ አለ። ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ኢንዛይሙ አርጅቶ ሞቷል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ኢንዛይሙ ደኅና ሆኖ ሳለ የተጠራቀመው ስኳር፣ በተለይም ሁለት ግሉኮስ የተጣመሩበት ሴሎባዮስ፣ ሥራውን አግዶታል የሚል ነው፤ ሴሉሎስ በጣሽ ኢንዛይሞች በራሳቸው ውጤት መታገዳቸው የታወቀ ጠባይ ነው።

ለመለየት አንደኛውን ቱቦ ሳንነካ ተውነው። ከሌላው ስኳር ያለበትን ፈሳሽ ቀድተን አወጣንና፣ ኢንዛይም የሌለበት የጸዳ የፎስፌት መፍትሔ ብቻ ጨመርን። አዲስ ኢንዛይም ባልገባበት በዚህ ቱቦ ስኳር እንደገና መታየት ጀመረ፤ ያልተነካው ቱቦ ግን በነበረበት ቆየ። ኢንዛይሙ አልሞተም ነበር። ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ፈሳሹ ሲወጣ እርሱ ቀርቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ጥጥ እንዳይነካው የተጠነቀቅንለት ጠባዩ እዚህ ጠቀመን።

በመርከብ ትሉ ውስጥ ይህን ስኳሩን የማውጣት ሥራ የሚሠራው እንስሳው ራሱ ነው። ስኳሩ በወጣ ቁጥር በአንጀቱ ግድግዳ ይመጠዋል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ በራሱ ውጤት አይታገድም። እኔ መጀመሪያ ላይ መለየት የሚባለውን ነገር የማየው በባክቴሪያውና በእንጨቱ መካከል ብቻ ነበር፤ ይህ ቱቦ ግን ሦስተኛውን ወገን፣ ስኳሩን የሚወስደውን፣ አስተዋወቀኝ። ከተማሪዎቹ አንዱ «መምህር፣ እርሾ ብንጨምርበት ስኳሩን አይወስድልንም?» ብሎ ጠየቀ። ግሉኮሱን ይወስዳል፤ የወሰደው ግን ወደ አልኮል ስለሚለወጥ በቤኔዲክት ልንለካው አንችልም። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ለብቻው በሌላ ጊዜ እንድንሠራው መዝግበነዋል።

የካቲት መጨረሻ

አንዳንዶቹ የ«ለ» ቱቦዎች ደጋግመን ስለከፈትናቸው ደፈረሱ፤ ከአየር የገባ ተሕዋስ ስኳሩን በልቶ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ መለሰው። በ50 ዲግሪ የቆዩት አልደፈረሱም። ይህ ራሱ ስለ እንስሳው አንድ ነገር እንድናስብ ያደርጋል። በባሕር ውሃ ውስጥ እየኖረ፣ በስኳር የተሞላ ከረጢት ይዞ፣ ከረጢቱን ከባክቴሪያ ነጻ ማድረግ እንዴት ቻለ? ለዚህ የሚጠቁም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ቴሬዲኒባክተር ተርነሬ ቦሮን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘ ታርትሮሎን የተሰኘ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንደሚሠራ ተገኝቷል፤ አጥኚዎቹም ይህ መድኃኒት ሌሎች ባክቴሪያዎችን ከስኳሩ በማራቅ ሊረዳ እንደሚችል ሐሳብ አቅርበዋል። እኛ ይህን የምንተካው በፔርሙስ ሙቀት ነው፤ እንስሳው ግን በባሕሩ ሙቀት ይሠራዋል።

መጋቢት መጀመሪያ

ከወረቀት ወደ እውነተኛ እንጨት ተሻገርን። የዋንዛ ሰጋቱራ እንደመጣ ወደ ተጣራው ፈሳሽ ስናስገባ ስኳር አልታየም። በእንጨት ውስጥ ሴሉሎሱ ሊግኒን በተባለ ጠንካራ ነገር ተከቧል፤ ኢንዛይሙ ሊደርስበት አይችልም። ሰጋቱራውን በሙቀጫ ወቅጠን እጅግ ደቃቅ በሆነ ወንፊት ስንነፋው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አገኘን። የተወቀጠውን በአመድ ውሃ ቀቅለን፣ አመዱ እስኪለቅ ድረስ አጥበን ስንደግመው አረንጓዴው ጎላ። ቢጫ ላይ አልደረሰም። የባሕር ዛፉ ከዋንዛው አነሰ።

የመርከብ ትሉ ሊግኒኑን እምብዛም አይፈጨውም፤ ብዙው ከሰገራው ጋር ይወጣል። እርሱ የአመድ ውሃ የለውም፤ ያለው በጥቃቅን ጥርሶች የተሞላው ዛጎሉ ነው፤ በዛጎሉ የሚፍቀው እንጨት እኛ በሙቀጫ ካገኘነው እጅግ ይደቃል። በመጪው ጊዜ የምናሻሽለው ወቀጣውን ነው። ከኢንዛይሙ መጠን ይልቅ የእንጨቱ ድቀት እንደሚገድበን ከሦስቱ ቱቦዎች ቀለም መረዳት ይቻላል፤ በአንዱ ድቀት ላይ ኢንዛይሙን እጥፍ ስናደርግ ቀለሙ አልተለወጠም፣ እንጨቱን ይበልጥ ስናደቅ ግን ተለወጠ።

መጋቢት አጋማሽ

ነጩን ዝርያ በካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ አጋር ላይ በተዘቀዘቀ ቱቦ አሳድገን፣ ክዳኑን አጥብቀን በማቀዝቀዣ አስቀምጠናል፤ በየሁለት ወሩ ወደ አዲስ ቱቦ ይዛወራል። ያዛወረው ተማሪ ስሙንና ቀኑን በቱቦው ላይ ይጽፋል። የቀሩት ሰሃኖችና ቱቦዎች ሁሉ ሳይከፈቱ በግፊት ድስቱ 35 ደቂቃ ከተቀቀሉ በኋላ ተወግደዋል። የሚቀጥለው ሥራ ሰጋቱራውን በወፍጮ ቤት ማስፈጨት፣ ከዚያም ስኳሩን በየሰዓቱ እየቀዱ መፍትሔውን የመተካቱን ሙከራ በእንጨት ላይ መድገም ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ከእህሉ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው የተቀመጠውን አሮጌ ወፍጮ ሊሰጠን ተስማምቷል።